ድንኳን ተሳስታ የገባች ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነስታ ወደ አዳማ ለለቅሶ ትሄዳለች።

ለለቅሶ የሚሄድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ይታወቃል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይለብሳል። ወሬ ሲጀምሩት ባጭሩ ይመልሳል። መስኮት መስኮቱን ያያል። ይህችም ሴት እንደዚያው ነበረች። የሞተው የታናሽ እህቷ ባል ነው። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሳት ቀብሩ አምልጧታል። ያን ዕለት ሣልስት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል።

እናንተ ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ ቆሞ ሳለ መድረስና ከተነሳ በኋላ መድረስ አንድ አይደለም። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ የሚመጣ ሰው የሩቅ ወዳጅ ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። እህት ግን? እህት ድንኳን ከተነሳ በኋላ ትመጣለች?

በዚያ ላይ እህትማማቾቹ ከተነጋገሩ ቆይተዋል። እናታቸው ስትታመም ማን ቤት ትረፍ፣ ማን ያስታምማት በሚል ተጣልተው፣ እናትየው ስትቀበር ከመቃብሩ ላይ በየፊናቸው ሄደዋል። ትልቋ አንድ ጊዜ ስልክ ደውላ ነበር። ታናሺቱ አነሳችና "ማን ልበል?" አለቻት። ድምጿን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም።

ስለዚህ ይህ መንገድ የለቅሶ መንገድ ብቻ አልነበረም። የዕርቅም መንገድ ነበር። ድንኳኑ ሳይነሳ ከደረሰች እህቷን ታቅፋለች፤ በሐዘን ሰዓት መጥቶ የሚያቅፍን ሰው ማንም አይገፋም። ካልደረሰች ግን እህቷ ከእንግዲህ በሯን እንደማትከፍትላት ታውቀዋለች። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ሰዓት የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

አዳማ ደርሳ ባጃጅ ያዘች። እህቷ ቤት ከቀየረች ወዲህ አይታው አታውቅም። መርዶውን የነገራት ዘመድ "ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለሽ ድንኳኑን ታዪዋለሽ" ብሏት ነበር። ይህንኑ ለባለባጃጁ ነገረችው።

"ለቅሶ ነው እናቴ?" አላት ነጠላዋን በመስታወቱ እያየ።

"አዎ ልጄ። ፍጠንልኝ።"

"አይዞሽ፣ ቤት ቢጠፋ ድንኳን አይጠፋም።"

ወፍጮ ቤቱን አለፉ። አረንጓዴ የሸራ ድንኳን መንገዱ ዳር ቆሟል። ሰውየው ባጃጁን አቆመ። "ይኸው ደረስን።"

እንግዲህ የአገራችንን ለቅሶ የምታውቁ ሁሉ አስቡት። ለቅሶ ቤት የደረሰች ሴት "ይቅርታ፣ የማን ለቅሶ ነው?" ብላ በር ላይ ትጠይቃለች? አትጠይቅም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች፣ ገና ከመንገድ ጀምሮ ድምጿን ታሰማለች፣ እያለቀሰች ትገባለች። የምታየው መሬት መሬቱን ነው። ውስጥ ያሉት ተነስተው ይቀበሏታል፣ አብረዋት ያለቅሳሉ፣ ደግፈው ያስቀምጧታል። የሚተያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

እሷም እንዲሁ አደረገች። "ወይኔ! ወይኔ ዘገየሁ! ሳልደርስ ቀረሁ!" እያለች ገባች። የምታለቅሰው ለእህቷ ባል ብቻ አልነበረም። ለእናቷም ነበር። ለዚያ ስልክም ነበር። በኩርፊያ ላለቀው ዘመን ሁሉ ነበር። አንዷ ውኃ አቀበለቻት። ሌላዋ ንፍሮ በሳህን አድርጋ እጇ ላይ አኖረችላት።

ከዚያ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች።

አንድም የምታውቀው ሰው የለም።

ጥቂት ሴቶች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ጥቂት ወንዶች ጥጉን ይዘዋል። ብዙው አግዳሚ ባዶ ነው። ከፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ በዝግታ ተነሱ፣ መጡና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"መጣሽ?" አሏት። "ወገን አለኝ፣ አንድ ቀን ይመጣሉ ትለኝ ነበር። እኔ ግን አላምናትም ነበር። ከተቀበረች ጀምሮ ይህን በር ሳይ ነው የከረምኩት። መጣሽላት!"

አሁን ገባት። የሞተችው የሰውየው ሚስት ናት። እሳቸው ደግሞ የሚስታቸው ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣ መስሏቸዋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ብላችሁ ዘመድ ትመስላላችሁ? ደግ ውሸት ይመስላል። ግን ውሸት ነው። ሐዘንተኛን በውሸት ማጽናናት ለተጠማ ሰው ባዶ ብርጭቆ እንደ ማቀበል ነው። ሴትዮዋም አልቻለችበትም።

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች። "እኔ ዘመድ አይደለሁም። የእህቴን ቤት ስፈልግ ድንኳን ተሳስቼ ነው የገባሁት።"

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ተነሱ።

"አይፈሩ እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኛ ነው" አሉ። "የዚህ አካባቢ ዕድሮች ሸራውን ሁሉ ከአንድ ነጋዴ ነው የምንገዛው። ባለፈው እኔ ራሴ ሰርግ ቤት እያለቀስኩ ገብቻለሁ። ሙሽራው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚፈልጉት ለቅሶ በታች በኩል፣ ከመስጊዱ ማዶ ነው። ይፍጠኑ፣ እነሱም ዛሬ ሊያነሱ ነው።"

ሽማግሌው እጇን ለቀቁ። አልተቆጡም።

"ሂጂ ልጄ" አሉ። "ያንቺም ሰው ይጠብቅሻል።"

ተመልሰው አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ከእንግዲህ በሩን አያዩም። አሁን የሚያዩት መሬቱን ነው።

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ባለባጃጁ ገና አልሄደም ነበር። "ተሳሳትን እንዴ እናቴ? ግቢ፣ ግቢ፣ አሁን አደርስሻለሁ!" ይላታል። መንገዱ ክፍት ነው። እህቷ ቅርብ ናት። ድንኳኑም ገና አልተነሳም።

ወገኖቼ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ነገር ነው። ምን አቆማት? ጽድቅ ልሥራ ብላ አይደለም። ኋላ ስትጠየቅ እሷ ራሷ "ያቆመኝ ጥያቄ ነው" ነበር ያለችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ገና አልደረቀም። እንባው የፈሰሰው ደግሞ ስሟን በማታውቀው ሴት ድንኳን ውስጥ ነው። ማን ነበረች? እንዴት ያለች ሰው ብትሆን ነው በዚህ ሁሉ ባዶ አግዳሚ መካከል የምትሸኘው?

ዞር አለች።

"አባቴ፣ ስማቸው ማን ነበር?"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "የማን?"

"የባለቤትዎ።"

"ፋናዬ።"

"ፋናዬ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ሽማግሌው አዩዋት። ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያ ድንኳን ያሉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ዕድሩ ድንኳኑን ተክሏል፣ ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቅለዋል፣ ሁሉም "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብሎ በሥርዓት ተቀምጧል። ነገር ግን ባልና ሚስቱ ለሰፈሩ አዲስ ነበሩ። ጋሽ ላቀው፣ እንዲያ ነው የሚባሉት፣ ዕድሜያቸውን በአንድ ስኳር ፋብሪካ በትራክተር ሾፌርነት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ የፋብሪካውን ቤት ለቀቁ። ልጅ የላቸውም። እዚህ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ፋናዬ ታመመች። ማንም አያውቃትም። ማንም ስለማያውቃት ደግሞ ማንም ሊያለቅስላት አልቻለም። በእኛ ዘንድ የሚለቀሰው የሟችን ነገር እየጠሩ አይደለም? የሚጠራ ከሌለ እንባው በምን ይመጣል?

"ፋናዬ..." አሉ ሽማግሌው። ቃል ፈለጉ። "ፋናዬ ከሬዲዮ ጋር ትጣላ ነበር።"

"ከሬዲዮ ጋር?"

"ዜና አንባቢው ሲናገር ትመልስለታለች። 'ውሸትህን ነው!' ትለዋለች። 'ትናንት እንዲህ መች አልክ!' ትለዋለች። ተናዳ ታጠፋዋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ 'አሁን ምን እያለ ይሆን?' ትልና መልሳ ትከፍተዋለች።"

ከሴቶቹ መካከል እቴነሽ የምትባል አለች። የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። ድንገት ብድግ አለች።

"በስመ አብ! እኔ እኮ እርስዎን የምትሰድብ መስሎኝ ነው! በግድግዳው እየሰማሁ 'ይሄ ምስኪን ሰውዬ እንዴት ቻላት?' እያልኩ፣ እኮ ለዚያ ነው ሰላምታ እንኳ የነፈግኋት!"

"እኔን በሰደበችኝ ደስታዬ ነበር" አሉ ጋሽ ላቀው። "ከሱ ተርፋ መች ለእኔ ጊዜ አላት?"

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አቶ ቱፋ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እቴነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ሳላውቅሽ!" አለች። "ፋናዬ፣ ሳላውቅሽ! ግድግዳ ብቻ ለይቶን!"

ሴትዮዋ ከበሩ ተመለሰች። ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

"ሌላስ?" አለች።

ሌላም ነበር። ፋናዬ ነጎድጓድ ትፈራለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም ነጠላዋን ደርባ የፋብሪካው ሰፈር ጎረቤቶቿ ጋ ትሄድና "እናንተ እንዳትፈሩ ብዬ ነው የመጣሁት" ትላለች። ወጥ ስትሠራ ጨው ትረሳለች፤ ሲነግሯት "ጨው ለበሽታ ነው" ትላለች፤ የሰው ቤት ወጥ ስትበላ ግን "ጨው የላችሁም እንዴ?" ትላለች። በፋብሪካው ሰፈር ለቅሶ ካለ ደግሞ ከሁሉ በኋላ የምትወጣው እሷ ናት። ጋሽ ላቀው ሊጠሯት ሲመጡ "ሰው ሁሉ ወጥቶ ሐዘንተኛዋን ብቻዋን ልተዋት ነው?" ትላቸዋለች። ራት ይቀዘቅዛል። እሳቸው ያጉረመርማሉ። እሷ ትቆያለች። ያኔ አብራቸው ያለቀሰችላቸው ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ግማሹ በጡረታ ተበትኗል፣ ግማሹ አልፏል፣ የቀሩትም አልሰሙም።

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ድምጿንም ከፍ አደረገች፦

"ፋናዬ፣ ከሬዲዮው ጋር ማን ይሟገት!

ሰማዩ ሲያጉረመርም የማንን በር ታንኳኪ!

ከሁሉ በኋላ የምትወጪው፣ ዛሬ ምነው ቀድመሽ ወጣሽ!"

ሴቶቹ አብረው ተነሱ። ደረታቸውን መቱ። ጋሽ ላቀውም ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው አለቀሱ። ትከሻቸው እየተናጠ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ፋናዬ በዚያ ሰፈር የታወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ውጭ ባጃጁ ሄዷል። ጥላው ረዝሟል። ሴትዮዋ አልረሳችውም፤ ይህን አደራ እንዳትስቱብኝ። ሰዓቱ እንደሚሄድ እያወቀች ነው የተቀመጠችው። ልትወጣ ስትል ሽማግሌው ስሟን ጠየቋት። ነገረቻቸው። እንዳይጠፋባቸው ሁለቴ ደገሙት።

ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ታች ሮጠች።

ከመስጊዱ ማዶ ስትደርስ የዕድሩ ሰዎች ሸራውን እየጠቀለሉ ነው። ቋሚዎቹን ጋሪ ላይ ጭነዋል። እህቷ ዘርፌ ጥቁር ለብሳ በሯ ላይ ተቀምጣለች። አየቻት። አልተነሳችላትም።

"ድንኳን ሲነሳ መጣሽ እህቴ?"

"ዘርፌ..."

"በጠዋት ተነስታለች ብለውኛል። የት ነበርሽ?"

"ተሳስቼ ሌላ ለቅሶ ቤት ገባሁ።"

"ተሳስተሽ ገባሽ። ተሳስተሽ ዋልሽ?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። "መኪናው ተበላሽቶ" ብትል ማን ያውቅባታል?

"አይ" አለች። "የዋልኩት አውቄ ነው።"

"ጎሽ! ለእኔ ሲሆን ትዘገያለሽ፣ ለማታውቂው ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ!"

"ኧረ ዘርፌ፣ እህትሽ እኮ ናት" አለች አንዲት ጎረቤት።

"ተዪኝ! እህት ናት ካልሽማ እሷን ንገሪያት!"

እህቷ እውነቷን ነው። ወገኖቼ፣ ይህን ደብቄ ልነግራችሁ አልችልም። ለሰው መድረስ አንዳንድ ጊዜ ከራሳችን ኪስ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው። የምንወደውን ሰው ያስጠብቃል፣ የምንወደውን ሰው ያስከፋል። ትክክል ሠራች ወይስ አልሠራችም? እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እንዲያው በቀላሉ የምመልሰው ጥያቄ አይደለም።

ሰዎቹ የመጨረሻውን ቋሚ ተሸክመው አለፉ። ዘርፌ የእህቷን ዓይን ታያለች። አብጧል፣ ቀልቷል። ልትጠይቃት አልፈለገችም። አንደበቷ ግን ቀደማት።

"ማናት?"

"ማን?"

"ያለቀስሽላት።"

"ፋናዬ ትባላለች። ከሬዲዮ ጋር ትጣላ ነበር።"

ዘርፌ ከንፈሯን ነከሰች። ፊቷን አዞረች። መልሳም ጠየቀቻት።

"እማዬ ከድመቷ ጋር እንደምትጣላው?"

"እንደዚያው።"

"'የበላሽውን ቁጠሪ' እያለች?"

"እንደዚያው ዘርፌ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ድንኳን በሌለበት፣ ችካል በተነቀለበት አቧራ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲበቃቸው ዘርፌ አፍንጫዋን ጠረገችና "ባሏ ብቻውን ነው?" አለች።

"ብቻቸውን ናቸው።"

"ነገ ትወስጂኛለሽ። አሁን ግን ግቢና የእኔን ባል አልቅሺልኝ። እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። ዘርፌ ከዚያ በኋላም መሄዷን አልተወችም። ጋሽ ላቀው ሬዲዮውን አላጠፉትም፤ ዘርፌ እንደምትለው አሁን እሳቸው ናቸው የሚመልሱለት።

ጌታችን፣ ልጁ ልትሞት የተቃረበችበትን አንድ አባት ተከትሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ የበለጠ የሚያስቸኩል ጉዳይ አለ? በመንገድ ላይ አንዲት ሴት ከኋላ ልብሱን ነካች። ድናለችም። ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ቆመ። ማን እንደነካውም ጠየቀ። ደቀ መዛሙርቱ ገረማቸው፤ ያ አባት ደግሞ ምን ያህል እንደተጨነቀ አስቡት። ጌታችን ግን ሴቲቱ ወጥታ ታሪኳን እስክትነግረው ድረስ ቆመ። አያችሁ? ከመፈወስ አልፎ ሊያውቃት ፈለገ።

ስለ ርኅራኄ ስናስብ የምናስበው መስጠትን ነው። ምግብ መስጠት፣ ልብስ መስጠት፣ ድንኳን መትከል። መልካም ነው። ግን ስንቱን ሰው ስሙን ሳንጠይቀው ረድተን አልፈናል? ስንቱን በግድግዳ እየሰማነው የሌለውን ጠባይ ሰጥተነዋል?

ያቺ ሴት ባለፈው የመስቀል ሰሞን አረፈች። ደብረ ብርሃን ላይ ድንኳን ተተከለ። በሁለተኛው ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ከመንገዱ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ማን ናቸው? በድንኳኑ ከነበረው ቤተሰብ የሚያውቃቸው አልነበረም። ዘርፌ ጓዳ ነበረች። ከሟቿ ልጆች አንዱ ቀረብ ብሎ በአክብሮት ጠየቃቸው።

"አባቴ፣ ይቅርታ፣ ድንኳን ተሳስተው ይሆን? ከታች ሌላ ለቅሶ አለ።"

ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"የለም ልጄ" አሉ። "ያኔ የተሳሳተችው እሷ ናት። እኔ አውቄ ነው የመጣሁት።"

ስሟንም ጠርተው አለቀሱላት። ያን ዕለት ከድንኳኑ ከሁሉ በኋላ የወጡት እሳቸው ናቸው። የጠየቃቸው ልጅ እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ ስነግራችሁ የፋናዬን ስም ነግሬአችኋለሁ፣ የእህቷን ስም ነግሬአችኋለሁ። የሴትዮዋን ስም ግን አልነገርኳችሁም። ከመካከላችሁ በልቡ "ስሟ ማን ይሆን?" ያለ አለ? ያለ ካለ፣ እሱ ምሳሌውን አግኝቶታል። ላላሰባችሁትም አይዟችሁ፤ እኔም ብሆን ላላስበው እችል ነበር።

ከዚህ ስትወጡ ሁላችሁም የምትቸኩሉበት አላችሁ። የታመመ አላችሁ፣ የሚጠብቃችሁ አለ፣ አንዳንዶቻችሁም የምትታረቁት አላችሁ። ሂዱ። ግን በመንገዳችሁ ላይ ያላሰባችሁት ሰው እጃችሁን ቢይዝ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ዞር በሉ። ስሙን ጠይቁት። ምን እንደሚወድ፣ ማን እንደሞተበት ጠይቁት። የቀረውን ራሱ ጥያቄው ያሠራችኋል።

አስካለ ትባላለች። እሷም ቸኩላ ነበር።